ቀስ ብለው የኖሩት ኢንግቫልድ ሮስላንድ

አቶ ኢንግቫልድ ሮስላንድ ከአባታቸው ከአቶ አንቶን ሮስላንድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ቱፍቴ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1941 በበርገን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በእንፋሎት መርከብ ላይ ከሰል እየዛቁ እሳት የሚያነድዱ ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ሰርዲን በሚታሸግበት ፋብሪካ ቆመው ይውሉ ነበር። ከአምስት ልጆች አራተኛው እሳቸው ናቸው።

ይህን የጻፍኩት፣ ዛሬም በፊታችሁ የማነበው፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ራንዲ ነኝ። ቄሱ አሳጥሪው ብለውኛል። አባታችን ግን ሲቸኮል አይወዱም ነበርና ትንሽ ታገሱኝ።

አቶ ኢንግቫልድ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበሩ። በ1961 ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቀው በዓመቱ በአንድ የመርከብ መሥሪያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይዘው ከበያጁ ጀርባ መቆም ነበር። አንዱ ብየዳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይለኩና ነገ በስንት ደቂቃ ማለቅ እንዳለበት ይጽፋሉ። ሠራተኞቹ "ሰከንዱ" የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። እሳቸው ምሳ ቤት ሲገቡ ወሬ ይቆማል። አንድ ቀን ፔደር የሚባል በያጅ፣ "ኢንግቫልድ፣ ሽንት ቤት ስገባም ትለካኛለህ እንዴ?" ቢላቸው፣ "እስካሁን አራት ደቂቃ ነው የምትቆየው፤ ሦስት ይበቃሃል" ብለውታል። ይህን ታሪክ በየአዳራሹ እየሳቁ ሲናገሩት ሰምታችኋል። ፔደር በዚያው ዓመት ከሥራ መባረሩን ግን አልነገሯችሁም።

በ1969 በመድኃኒት ቤት ትሠራ የነበረችውን ቱሪድ ኤይክላንድን አገቡ። እኔ በ1971፣ ወንድሜ ሲቨርት በ1976 ተወለድን። አባታችን በዚያ ዘመን ቤት ሲገቡ ፊታቸው አመድ ይመስል ነበር። እንቅልፍ አጥተው፣ በሕልማቸውም ቁጥር ይቆጥሩ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። በ1978 ሥራቸውን ለቀቁ። በማግሥቱ ዓመት የከተማውን ቤት ሸጠው ክላይቫ የሚባለውን፣ መንገድ የማይደርስበትን እርሻ ገዙ። ከዚያ መውጫው በጀልባ ብቻ ነው፤ ለሚቀዝፍ ሰው እስከ ወደቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የመብራት መስመሩ ጎረቤታችን አስላውግ ኖርድቪክ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። አባታችን እኛ ዘንድ እንዳይቀጠል አስቆሙት። ሰዓቶቻችንን ሁሉ፣ ሬዲዮኑንና የጀልባውን ሞተር ሸጡ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው በጋ ደስ ይል ነበር። እናቴ ከምንጩ ልብስ እያጠበች ታዜም ነበር። አባታችን ሣር ላይ ተጋድመው ሲቨርትን በሆዳቸው ላይ ያስተኙታል፤ ፊታቸው ላይ ቀለም ተመለሰ። እናቴም ከልቧ አምናበት ነበር፤ ተጎትታ አልመጣችም።

ክረምት ሲገባ ግን ቀስ ብሎ መኖር የሚቻለው ሌላ ሰው ሲሮጥ መሆኑን አየን። ውኃ የምንቀዳው እናቴና እኔ ነን። እንጨት የምትፈልጠው፣ አሥራ አንዱን ፍየል የምታልበው፣ አይቡን የምትሠራው፣ ድንቹን በበረዶ ውስጥ የምትቆፍረው እናቴ ናት። አባታችን መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር። "ቀዛፊው አይቸኩልም" የተሰኘውና ብዙዎቻችሁ የምታውቁት መጽሐፍ የተጻፈው በእነዚያ ዓመታት ነው። እናቴ እጇ ተሰነጣጥቆ ደም ሲወጣው ቀና ብለው አይተው፣ "ቱሪዴ፣ ትንሽ ረጋ ብትዪ እኮ አይሰነጠቅም" ይሏት ነበር።

ጥቅምት 1985 ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ፍየል እያለበች ሆዷን ይዛ ተንበረከከች። ደግፌ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት። ከሆዷ በስተቀኝ ታችኛውን ጎን በጣቷ ጫን አደረገችና ፊቷ ተለወጠ።

"ኢንግቫልድ፣ ይሄ ትርፍ አንጀት ነው። ለአስላውግ ንገራትና በሞተር ጀልባዋ ትውሰደኝ" አለች።

"አንቺ ደግሞ! ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ቤቱ ከሆድሽ አልወጣም" አሏት እየሳቁ። "ሰውነት የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ተኚ፣ የካሞሚል አበባ አፈላልሻለሁ።"

ካሞሚሉን አፈሉላት። ሙሉ ቀን አስታወከች። ረቡዕ ትኩሳቱ ሲበረታ ጠጋ ብዬ ፊቷን ስጠርግ፣ "ራንዲዬ፣ ሩጪ" አለችኝ በሹክሹክታ። ጫማዬን አጠለቅሁ። አባታችን በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"የት ነው?"

"አክስት አስላውግ ጋ።"

"ማን ላከሽ?"

የጫማዬን ክር ማሰር ቀጠልኩ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ። ነገ ጠዋት ካልተሻላት እኔው ቀዝፌ አደርሳታለሁ። ጫማሽን አውልቂ።"

አወለቅሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የአስላውግ ቤት ሰባት መቶ ሜትር ነው፤ መስኮቷ ከእኛ ደጃፍ ይታያል። ጫማዬን ያወለቅሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ዛሬ አብሬ መናገር አለብኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሕመሙ ድንገት ለቀቃት። አባታችን ወደ እኔ ዞረው፣ "አየሽ?" አሉኝ። እናቴ ጣሪያውን እያየች፣ "ፈንድቷል ማለት ነው" አለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ መድኃኒት ቤት ለመጣ ሰው የምትናገር ትመስል ነበር። ቀትር ላይ አስላውግ ደብዳቤ ልታደርስልን መጣች። ገብታ አልጋውን እንዳየች ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም።

"ሰውዬ፣ ይቺ ሴት እየሞተች ነው!"

"አስላውግ፣ እባክሽ፣ እዚህ ቤት ጩኸት..."

"ጩኸት? ገና መቼ ጮህኩ! የጓዳውን በር ንቀልና እግሯን ያዝ!"

በበሩ ሳንቃ ላይ አድርገን ወደ ጀልባዋ አወረድናት። እኔ ከእናቴ ጋር ገባሁ። አባታችን ፍየሎቹን ማን ያልባቸዋል ብለው ከሲቨርት ጋር ዳርቻው ላይ ቀሩ። በአስላውግ ሞተር ወደብ የደረስነው በሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

ሐኪሞቹ የዚያኑ ዕለት ቀደዷት፤ መርዙ ግን ሆዷን ሞልቶት ነበር። ቅዳሜ ለጥቂት ጊዜ ነቅታ፣ "የሲቨርት ሹራብ ደረቀ?" ብላ ጠየቀችኝ። ደርቋል አልኳት። እሑድ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1985 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ አረፈች። አባታችን ሰኞ ቀዝፈው ደረሱ።

መጽሐፉ በቀጣዩ የጸደይ ወር ወጣ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ስድስት ጊዜ ታተመ። በ1990 ሁለተኛው መጽሐፋቸው ሲወጣ ስለ እናቴ አንድ ምዕራፍ ነበረው። ቱሪድ በራሷ ሰዓት፣ ማንም ሳያዋክባት፣ ቅጠል ከዛፍ እንደሚወርድ ሄደች ይላል። ከመካከላችሁ ይህን ምዕራፍ በራሳችሁ ሰው ቀብር ላይ ያስነበባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልቀየማችሁም፤ አላወቃችሁም። አስላውግ ግን ፈርመው በሰጧት በሳምንቱ፣ "ኢንግቫልድ፣ መጽሐፍህን ምድጃ ውስጥ ሞከርኩት፤ እሳት ላይ እንኳ አይቸኩልም" አለቻቸው።

እኔ በአሥራ ስምንት፣ ሲቨርት በአሥራ ስድስት ዓመታችን ከክላይቫ ወጣን። አቶ ኢንግቫልድ ብቻቸውን አልቀሩም። ቀስ ብሎ መኖርን ሊማሩ የሚመጡ እንግዶች ውኃውን እየቀዱ፣ እንጨቱን እየፈለጡ፣ ስለተፈቀደላቸውም እያመሰገኑ ይሄዱ ነበር።

በየካቲት 2009 አንድ ጠዋት የአባታችን ግራ ክንድ ደነዘዘና ደረታቸው ተጨነቀ። የዚያን ዕለት ስልክ ደውላ የነገረችኝ አስላውግ ናት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር።

"ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረደው፣ አንቺ! በአንድ እግሩ ጫማ የለም። የቤቴን በር በጡጫ ደበደበው። ስከፍት ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። 'ደውዪ! ቶሎ በይ!' አለኝ። 'ግባ እንጂ፣ ካሞሚል ላፍላልህ?' አልኩት።"

"አክስት አስላውግ! ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደወልኩ፤ የሰው ነፍስ አይደል? ግን መጀመሪያ መነጽሬን ፈለግሁ።"

"የት ነበር?"

"አንገቴ ላይ።"

ሄሊኮፕተሩ በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ደረሰ። የልባቸው ደም ሥር ተከፍቶላቸው፣ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ኖረዋል። ይህ በየትኛውም ጽሑፋቸው ላይ የለም። ለእንግዶቻቸው ዘመድ ጥየቃ ከተማ ሰንብቼ መጣሁ ነው ያሏቸው።

በ2018 እግራቸው ሲደክም በርገን ውስጥ ወደሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። እዚያ ጣታቸው ከመጥሪያው ደወል አይነሳም ነበር። ሻይ ዘገየ፣ ትራስ ዘገየ፣ ሐኪም ዘገየ እያሉ ነርሶቹን ያስለቅሱ ነበር። እኔ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ እራታቸውን አጎርሳቸው ነበር። ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቀውም፤ አባቴ ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ገንፎ እያጎረስኳቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት የያዝኩትን ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ ያን ረቡዕ ለምን ከለከልከኝ?"

የትኛውን ረቡዕ አላሉኝም። አላምጠው እስኪውጡ ጠበቅሁ።

"ቅዳሜ ጋዜጠኞቹ ይመጡ ነበር" አሉ።

"የምን ጋዜጠኞች?"

"የመጽሐፉ። ፎቶ ሊያነሱን። እኛን በሞተር አጓጉዘው ሐኪም ቤት እንዳስገቡን ወሬው ቢደርሳቸው፣ መጽሐፉን ማን ያነበው ነበር?" ቀጥለውም ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ "ቀዝቅዟል" አሉኝ።

አሙቄ አመጣሁላቸው።

በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት የፊት ገጽ ላይ ያለውን ፎቶ እዩት። የመረጠው አሳታሚያቸው ነው። ጀልባ ላይ መቅዘፊያ ይዘው ፈገግ ብለዋል፤ ሲቨርት ከጎናቸው በደረቅ ሹራብ ተቀምጧል። የተነሳው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1985 ነው። በዚያ ሰዓት እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አቶ ኢንግቫልድ ሮስላንድ ባደረባቸው የሳንባ ምች በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ኅዳር 11 ቀን 2021 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው ሲቨርት በመካከላችን የለም። ስደውልለት፣ "ልመጣ ነበር፣ ግን አልቸኮልኩም በይልኝ" ብሎኛል፤ አደራውን አድርሻለሁ።

እናታችን የተቀበረችው ከዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ሲወጡ በስተግራ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ነው። አባታችን ከጎኗ ያለውን ቦታ ለራሳቸው አስይዘውት ነበር። ባለፈው ሰኞ ቦታውን ለሰበካው መልሼዋለሁ። ማንንም አላማከርኩም።

ምሕረት የእግዚአብሔር ናት፤ ለነፍሳቸው እሱ ይስጣቸው፤ እኔ ገና አልደረስኩባትም። የቱሪድ ኤይክላንድን ነፍስ በእቅፉ ያኑርልን።

ተሸካሚዎች፣ ከበሩ ስትወጡ ወደ ቀኝ ታጠፉ።