የአቶ ጉዲና ወልደሰንበት የተጠገነ ልብ

አቶ ጉዲና ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ጎበና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተኢየሱስ ተሰማ በ1943 ዓ.ም. በባሌ፣ ሲናና ውስጥ፣ ስንዴው ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ጎባ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም መሪ ጨብጠው፣ መጀመሪያ ትራክተር ቀጥሎም ኮምባይነር እየነዱ፣ በሲናናና በአጋርፋ እርሻዎች ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠሩ። ጉዲና ባጨደው ማሳ ወፍ ጾሟን ታድራለች ይባልላቸው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺሃረግ አበበ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ጫሊን፣ ወንዶሰንንና ኡርጂን አፍርተዋል። ሮቤ ቤት ሠርተው ከገቡ በኋላ የሰፈሩ ሽምግልና ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ቃላቸው አጭር፣ ፍርዳቸው ፈጣን ነበር። ወንበሩ ሳይሞቅ ነገሩን ይጨርሱታል እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ትተነው ብናልፍ በወደድን። ነገር ግን አቶ ጉዲና ራሳቸው “እሱ ካልተነበበ ታሪኬን አታንብቡ” ብለው ስላዘዙ፣ እያፈርንም ቢሆን ይነበባል።

በ2009 ዓ.ም. የቅርብ ጎረቤታቸውና ወዳጃቸው የአቶ ባዳሳ ባለቤት ወይዘሮ ሀዋኒ ትንፋሽ ያጥራቸው፣ እግራቸውም ያብጥ ጀመር። ሐኪሞች የልባቸው ቫልቭ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ እንደሚመልስ፣ በቀዶ ጥገና ግን ሊጠገን እንደሚችል ተናገሩ። እንደ አገሩ ልማድ ነገሩ ከበሽተኛዋ ተሰውሮ ምክክሩ ሳሎን ውስጥ ሆነ፤ ወይዘሮ ሀዋኒ ጓዳ ተኝተው ነበር። ልጃቸው ጂቱ እናቴ ትታከም ብላ ለመነች። የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ግን በሽማግሌነት የተጠሩት አቶ ጉዲና ናቸው።

“ዕድሜ ጠግባለች። የአሮጊት ደረት አይከፈትም፤ ጠበሉ ይበቃታል” አሉ።

ጓዳ ገብቶ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” ያላቸው ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ሀዋኒ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ።

በ2013 ዓ.ም. ያው ሕመም አቶ ጉዲናን ያዛቸው። ኡርጂ “አባዬ፣ ቀዶ ጥገናው…” ብላ ሳትጨርስ “እሺ፣ ውሰዱኝ” አሉ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወይዘሮ ሀዋኒ ታመው ከነበሩበት ዕድሜ ይበልጥ ነበር። አዲስ አበባ ደረታቸው ተከፈተ፣ ቫልቩም ተጠገነ። በዓመቱ ዳገት ሳያርፉ ይወጡ ጀመር።

ዳኑ፤ መዳናቸው ግን አሳፈራቸው። አቶ ባዳሳ ማር ይዘው “እንኳን ማረህ” ሊሏቸው ሲመጡ፣ አቶ ጉዲና ጠባሳው እንዳይታይ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ከዚያ ወዲያ በፀሐይም አልከፈቱትም። ለሽምግልና የጠራቸውንም ሁሉ እንቢ አሉ። “በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት የኔ ነገር ነው” ይሏቸው ነበር ወይዘሮ የሺሃረግን። “የሷ ሞት ቀሎኝ ነበር፤ የኔው ሲመጣ ፈራሁ።” የታመመ አዛውንት ወዳለበት ቤት ሲሄዱ “ራሳቸውን ጠየቃችኋቸው?” ከማለት በቀር ምክር አይሰጡም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ይቅርታ ሊለምኑ አቶ ባዳሳ ደጅ ቆሙ። አቶ ባዳሳ እየሮጡ ወጥተው “ማሎ ጉዲና፣ እባክህ አውርደው! ልብህን እኮ ነው!” እያሉ በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። ከልባቸው ይቅር ማለታቸውንም በዚያው ተናገሩ።

ጂቱ ግን በሩ ላይ እንደቆመች “አባባ ጉዲና፣ እኔ ይቅር ብልዎ እማዬ ምን አለች ልበል? ዛሬም እሷን የጠየቀ የለም” ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

አቶ ጉዲና “ልክ ናት” ብለው ተመለሱ። ማናችንም ሽማግሌ እንዳንልክባት አስምለውናል፤ አልላክንምም።

በያዝነው ዓመት ኅዳር ወር ላይ የሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ቢገቡም ሊሻላቸው ስላልቻለ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሐኪሞቹ ልባቸው እስከ መጨረሻው በደንብ ይሠራ እንደነበር ነግረውናል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ደክማችሁ ከየአቅጣጫው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ እግዚአብሔር ይስጥልን ይላል።

የጸሎቱን ቃል ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ እንዳዘዙት እናነበዋለን። እግዚአብሔር የወይዘሮ ሀዋኒን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ፤ ቀጥሎም፣ ወይዘሮ ሀዋኒ ተጠይቀው ከፈቀዱ፣ የአቶ ጉዲናን።