ወህኒ ቤቱ ነው ወይስ እኔ

ሰኞ

ዛሬም ቆጠረ። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በጓሮው ግድግዳ በኩል፣ የወንድ ድምፅ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሃያ ሦስት ሲደርስ ዝም። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ሳላነሣው ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ይሄን ደብተር የገዛሁት የደንበኞች ልክ ልጽፍበት ነበር፤ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ። አሁን ለሰው የማልነግረውን እጽፍበታለሁ።

ከአረብ አገር የተመለስን አምስት ሴቶች ተደራጅተን ልብስ ስፌት ስንጀምር የተሰጠን ቤት የድሮው ወህኒ ቤት አንድ ክፍል ነው። ወህኒው ከተዘጋ ቆይቷል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ከራስ በላይ። ደብረ ታቦር ውስጥ «እዚያ የሞተው እስረኛ ዛሬም አልወጣም» የማይል ሰው የለም። ባጃጆች እንኳ በሩ ድረስ አያደርሱንም፤ አስፋልቱ ላይ አውርደውን ይዞራሉ። ሦስቱ ሴቶች በየሰበቡ ቀሩ። የቀረነው እኔና ሰናይት ነን። እሷም አሥር ሰዓት ሲሆን ማሽኗን ሸፍና ትሄዳለች። ስለዚህ ድምፁን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

የሚያስፈራኝም ይሄው ነው። የሞተ ሰው መንፈስ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። ቤይሩት አሠሪዬ በር ቆልፋብኝ አራት ወር ስቀመጥ ስሜን የሚጠራኝ ድምፅ ነበር። ማንም የሌለበት ቤት ውስጥ። አገሬ ገብቼ፣ ሁለት ሳምንት ጠበል ተጠምቄ ነው የተወኝ። ተመልሶ ቢሆንስ? እናቴ ብትሰማ ነገውኑ ከአንበሳሜ መጥታ ትወስደኛለች። ሆድ ይፍጀው።

ማክሰኞ

ሰናይት በጠዋት የነፍስ አባቷን ይዛ መጣች። አራቱንም ማዕዘን ጠበል ረጩልን። የተቆረጠውን የዩኒፎርም ጨርቅ ሁሉ አረጠቡት። «በሉ እንግዲህ አትፍሩ፤ ክፉ መንፈስ ከነበረም ወጥቷል» ብለው ሄዱ። ሰናይት ስታንጎራጉር ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ግን ያው ሄደች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቆጠረ።

በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ቤቱ ተረጭቷል፤ መንፈስ ቢሆን ይወጣ ነበር። እንግዲህ የቀረው የኔ ራስ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ላይ ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱ።

ረቡዕ

ልቅሶው ይብቃ። ዛሬ ምርመራ ነው። ያደረግሁት፦

ደጃፉ ላይ አመድ ነሰነስኩ፣ ዱካ ለማየት። የተገኘው የድመት እግርና የሰናይት ጫማ ነው። እሷም «በር ላይ አመድ የሚደፋ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው?» ብላ ጠረገችው።

ግድግዳውን ውስጡ ባዶ ቦታ ይኖረው እንደሆነ ብዬ በመዶሻ አንኳኳሁ። ድንጋይ ነው።

ስልኬን እንዲቀዳ አድርጌ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ይሄ ነበር ትልቁ ተስፋዬ። ስልክ አያብድም። ልክ «አንድ» ሊል ሲል እናቴ ደወለች። መቅዳቱ ተቋረጠ። ስልኩ እየጮኸ እሱም መቁጠሩን አልተወም። በኋላ የተቀዳውን ከፍቼ ብሰማው የኔ ትንፋሽ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ሰማሁት። መጨረሻ ላይ የቆጠረ መሰለኝ፤ ግን እኔው ነበርኩ በልቤ የምቆጥረው።

ለእናቴ መልሼ ደወልኩላት።

«ድምፅሽ ምነው?» አለችኝ።

ጉንፋን ነው አልኳት።

ሐሙስ

ሰናይትን ለመንኳት። ምክንያቱን ሳልነግራት፣ ዛሬን ብቻ እስከ አሥራ አንድ ተኩል አብረሽኝ ቆይ አልኳት።

«ኧረ በማርያም! አንች ሴትዮ ልትገይኝ ነው እንዴ?»

ቢሆንም ቆየች። አፏ እምቢ ይላል እንጂ ልቧ እምቢ አይልም። ነገር ግን ሰዓቱ ሲቃረብ ነጠላዋን ተከናንባ ጸሎቷን ጮክ ብላ ታደርስ ጀመር። እንኳን እስረኛ ነጎድጓድም አይሰማም። ቀስ በይ ስላት ጭራሽ ባሰች።

ቆጠራው ተጀመረ። ግድግዳውን አላየሁም፤ ያየሁት ፊቷን ነው። ሦስት። ትጸልያለች። አምስት። ትጸልያለች። ስድስት። አለቀልኝ፣ እሷ አትሰማም፣ እኔ ነኝ፣ አልኩ። ሰባት ላይ ሰናይት ዝም አለች።

«ማነው የሚቆጥረው?» አለችኝ።

አቅፌ ሳምኳት። ይበልጥ ደነገጠች። እስረኛ ከመቃብር ተነሥቶ ሲቆጥር ጓደኛዋን የምትስም ሴት ከኔ በቀር ያለች አይመስለኝም።

እጇን እየጎተትኩ በጓሮ ዞርን። ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሃያ ሦስት ብለው ዝም ሲሉ ዞር አሉና አዩን።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«እየቆጠርሁ ነዋ» አሉ፣ እኔ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁ ሁሉ።

ዓርብ

ትላንት ስለመሸብኝ የቀረውን አልጻፍኩም። አባባ ይስማው የዚህ ወህኒ ቤት ዘበኛ ነበሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እስረኛ ቆጥሮ በር መዝጋት የሳቸው ሥራ ነበር። ያኔ እስረኛ የሚበላው ቤተሰቡ የሚያመጣለትን ስንቅ ነው። በዚህ ክፍል ሃያ አራት ነበሩ፤ አንዱ ታሞ ሞተ። አለቃቸው ለማንም እንዳይተነፍሱ አዘዛቸው። የሟቹ እናት ሳታውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስንቅ አመላለሰች። ተቀባዩ እሳቸው ነበሩ።

«‹በላልሽ› እላት ነበር» አሉን። «አገልግሉን ባዶውን እመልስላታለሁ። አንድ ቀን ‹ጨው በዛበት አላለም?› አለችኝ። ‹ጥሩ ነው ብሏል› አልኋት።»

ጡረታ ከወጡ ወዲህ በዚያ ሰዓት እዚያ ካልቆሙ አይሆንላቸውም። ሃያ አራት ማለት ግን አፋቸው አይችልም። ቤቱ ባዶ መስሏቸው ነበር። «አስደነገጥኋችሁ፣ ማሩኝ ልጆቼ» ሲሉ ሰናይት አለቀሰች። እሁድ ከነፍስ አባቷ ጋር ልታገናኛቸው ተቃጠሩ።

እኔ ግን ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ የእኒያን ሰው ኀዘን እየሰማሁ ደስ አለኝ። ቤቱም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ጤነኛ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ግን አፈርኩ።

ቅዳሜ

ሰናይት «ከትላንት ወዲያ ለምን ሳምሽኝ?» አለችኝ። ነገርኳት። ቤይሩትን፣ የተቆለፈውን በር፣ ስሜን የሚጠራውን ድምፅ፣ ሁሉንም። ማሽኗን ዘይት እየቀባች ነበር፤ ቀና አላለችም። አሁን ተነሥታ ትሄዳለች፣ ሰኞም አትመጣም፣ ብዬ ፈራሁ።

«እኔ ደወል ነው የምሰማው» አለች።

«የምን ደወል?»

«የጂዳዋን እመቤቴን። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነበር። ዛሬም እጄ ሳሙና ሲነካ ይደወላል። እሮጣለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ነው አገሬ መሆኔ ትዝ የሚለኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? አብዳ መጣች እንዲሉኝ?»

ድነን ይሁን አይሁን አላውቅም። ምሳ ከበላን በኋላ ሳህኖቹን እኔ አጠብኩ፤ እሷ ቁጭ ብላ ቁልፍ ስትተክል ነበር።