ኃላፊውን የከለከለ ፕሮግራም

ጋምቤላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

የሠራሁት ፕሮግራም ዛሬ የጤና ቢሮ ኃላፊያችንን አቶ ኦባንግን ከለከላቸው። ወደ ጎግ ወረዳ የምትዛወር አንዲት ነርስ ነበረች፤ ዝውውሯን ሊያጸድቁ ሲሉ «ፈቃድ የለዎትም» አላቸው።

«ኃላፊው እኔ አይደለሁም እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ። ወደ ኮምፒውተራቸው ጠጋ አልኩ። የሚወስነው ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ኮምፒውተር አይደለም፤ እሱ በዌብ ሰርቪስ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በመስመር በሚጠያየቁበት መንገድ፣ ዋናውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም የገባው ሰው ማን እንደሆነ አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ስክሪኑን ሳየው የገቡት በጸሐፊያቸው በአጁሉ ስም ነው። እንደ ድሮው በራሷ የይለፍ ቃል ከፍታላቸው ሄዳለች።

«ጌታዬ፣ ፕሮግራሙ አጁሉ መስለውት ነው የከለከለዎት» አልኳቸው።  ከዚያ ፊደሉን በአንድ ጣት እየፈለጉ የራሳቸውን ስምና የይለፍ ቃል አስገቡ። ዝውውሩ ወዲያው ጸደቀ።

ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር ሲቋረጥ ማን እንዴት እንደሚገባ ገና መላ አላገኘሁም። ከሰዓት በኋላ ግን አቶ ኦባንግ ኮሪደሩ ላይ ለእንግዶቻቸው «የእኛ ፕሮግራም እኮ እኔንም ይከለክላል!» ሲሉ ሰማኋቸው። አነጋገራቸው ራሳቸው የሠሩት ያስመስል ነበር። አላረምኳቸውም።