ጌዴኦኛዋ ስንኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
የ9ኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ማለትም እያረምኩ አይደለም፤ ቴሌግራሙ አላስቀምጥ ብሎኛል። ከዚህ የወጣው ባንዳችን እሑድ ዲላ መጥቶ ይጫወታል። ከስንት ዓመት በኋላ።

ክርክሩ ያው ነው፣ ማስታወሻዬ፦ «የቡሌ ዳገት» የሚባለው ዘፈናቸው የቱ ጊዜ ነው ያማረው? የቴሌግራም ቡድኑን የከፈተው ጓደኛዬ መስፍን፣ ስልክ ጠጋኙ፣ የመጀመሪያውን ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የተጫወቱትን፣ ጊታሩ የሚጮኸውን፣ ከበሮው የሚቸኩለውን። ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች ባንዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ያለውን ይወዳሉ። ቀርፋፋውን፣ የፒያኖውን። እኔ ከመስፍን ጋር ነኝ፤ ዘፋኙ ዳዊት መጨረሻ ላይ በጌዴኦኛ ለሚላት ስንኝ ስል። አሁን የለችም። ቆርጠዋታል። «ለአዲስ አበባ ብለው ሸጧት» ብዬ ጻፍኩ። የልብ ምልክት አዘነቡልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ዝናብ። ከት/ቤት በቀጥታ መስፍን ሱቅ። ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፍን፦ «ስንኟን መልሱልን»። ቀለሙ እጄን አልለቀቀም። ደስ ብሎኛል፣ እንደ ተማሪ።

የድሮውን ቅጂ ከፈተ። ስንኟ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገው። መስፍን የጉራጌ ልጅ ነው፣ ዲላ ያደገ። ጌዴኦዋ እኔ ነኝና ምን ማለት ነው አለኝ። የፍቅር ናት አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲለኝ ዜማው አያስታውቅም ወይ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
አሁን ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ኮንሰርቱ ያለበት ሜዳ ከቀትር ጀምሮ ሙሉ። «የቡሌ ዳገት»ን መጨረሻ አመጡት። ደግሞ ሌላ አሠራር፤ ጊታሩ ቀርቶ ክራር፣ ቤዙ ዝቅ ብሎ። ቆንጆ ነበር፣ አልክድም። ካርቶኑን ከፍ አደረግን። ዳዊት አነበበው። ባንዱን በእጁ ዝም አሰኘና «እሺ፣ አብረን» ብሎ ማይኩን ወደ እኛ ዘረጋ።

ሁለት ቃል አልኩ። ከዚያ ዜማ ብቻ፤ ቃል የለም። ዙሪያዬም እንደዚያው። ማጉረምረም፣ የተነሱ ስልኮች። ፈገግ ብሎ ጠበቀን። ቆይቶ ማይኩን መለሰ፣ ከበሮው ገባ፣ ዘፈኑ አለቀ።

መስፍን ካርቶኑን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። 

ሰኞ፣ ኅዳር 15
መስፍን ጎትቶ ሆቴላቸው ወሰደኝ። ቁርስ ላይ ነበሩ። ዳዊት ወንበር ሳበልን። የአባቴን ስም ሲሰማ በጌዴኦኛ አዋራኝ። ገብቶኛል። በአማርኛ መለስኩ። ትንሽ አየኝና እሱም ወደ አማርኛ ዞረ።

ስንኟን ለምን ተውካት አልኩት። አዲስ አበባ ማንም ተው እንዳላለው ነገረን።

«እዚሁ ዲላ ነው የተውኳት» አለ። «ስዘፍናት ሁሌ ማይኩን እሰጣችሁ ነበር፤ ሁሌ ብቻዬን እጨርሳታለሁ። እናቴ ስታርፍ ግን ብቻዬን መጨረሱ አቃተኝ።»

ስንኟ የእናቱ ናት። ልጅ ሳለ፣ ሳይመሽ ግባ እያለች ትጠራው የነበረባት። የፍቅር አይደለችም። መስፍን ወደ እኔ አልዞረም። ጨዋ ነው።

ሸጧት ያልኩትን አንብቦት ይሆን? መጠየቅ ፈራሁ። ሻዩ ቀዘቀዘብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20
ቡድኑ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ልጆቹ የእሑዱን ቪዲዮ ለጥፈው ይከራከራሉ፦ ክራሩ ይሻላል፣ ፒያኖው ይሻላል። ማይኩ የተዘረጋበትን ቦታ ቆርጠው ጥለውታል። ያሰለቻል አሉ።

ዛሬ አባባ ጋ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ በጌዴኦኛ ሲጠራኝ በአማርኛ አቤት እለው ነበር፤ ጓደኞቼ እንዳይስቁ። ቀስ በቀስ እሱም ተወው። ቅር ይበለው አይበለው አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

በጌዴኦኛ አዋራኝ አልኩት። ራዲዮኑን ዘጋ።

«ደህና ነሽ ልጄ?» አለኝ፣ በአማርኛ።

ደህና ነኝ አልኩ፣ በጌዴኦኛ። አነጋገሬን አረመኝ። ደግሜ አልኩት፣ ደግሞ አረመኝ። ከዚያ ስለ ጎረቤቱ በሬ ማውራት ጀመረ፤ ለሕፃን እንደሚያወሩት፣ ቀስ እያለ። ግማሹ አመለጠኝ። አላስቆምኩትም። ሲስቅ ሳቅኩ።

በየቅዳሜው ልሄድ ወስኛለሁ። ለመስፍን አልነገርኩትም፣ ለቡድኑም። ዘፈኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ የበሬው ወሬ ይግባኝ።