ለቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ኃላፊ፦ ስላልተነገሩኝ አሥር ደቂቃዎች

ክብርት ሲስተር፣

ይህ ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነጋውንዎና ከነፈገግታዎ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ ከመደገፌ በቀር ደኅና ነኝ። ለብቻዎ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ያስገባሁት አቤቱታ ጠረጴዛዎ ላይ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ስላየሁት፣ የዛሬውን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ ሰው ሁሉ ቢያነብልኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ረስተውኝ እንደሆነ፣ ከጤና ጣቢያው ማዶ ባለው የደንብ ልብስ ስፌት ቤት የሰባት ቁጥር መኪና ሠራተኛ ነኝ። ሦስተኛ ልጄን ያዋለዱኝ እርስዎ ነዎት። ያን ዕለት ደሜ አልቆም ብሎ ሲያስጨንቅዎ፣ ግንባሬን እየጠረጉ «እህቴ፣ ከእንግዲህ ብታረግዢ መትረፍሽን እንጃ፤ አደራ» አሉኝ። አደራዎን ተቀብዬ፣ ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው ደጅዎ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዋሉልኝን ውለታ እንደሚከተለው በአክብሮት እዘረዝራለሁ።

1. የደም ግፊት ስላለብኝ የሚዋጠውም መርፌውም እንደማይሆነኝ፣ በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕና በክንድ የሚቀበረው ደግሞ እንዳለቁ ነግረውኝ፣ መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው ከከረመ ካርቶን አንድ ፓኬት ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። የማይዋጥ፣ ከግንኙነት በፊት በብልት ወደ ውስጥ ገብቶ አረፋ እየሆነ የወንዱን ዘር የሚገድል እንክብል ነው አሉኝ። ያስተማምን እንደሆነ ብጠይቅዎ፣ «እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል?» አሉኝ። እኔም ያመንኩት እንክብሉን አልነበረም፤ እርስዎን ነው።

2. እንክብሉ ሟሙቶ እስኪሠራ አሥር ደቂቃ መጠበቅ እንዳለብን፣ አንድ ሰዓት ካለፈ ደግሞ ሌላ መጨመር እንዳለበት ሳይነግሩኝ በመቅረትዎ፣ በተለያየ ፈረቃ ለምንሠራ ለእኔና ለባለቤቴ ብዙ ጊዜ ቆጥበውልናል። ለብቻው ሲሆን በዓመት ውስጥ ከመቶ ሴት ሃያ የሚያህሉት እንደሚያረግዙበት፣ ኮንዶም ቢታከልበት ግን እንደሚሻል አለመስማቴም ያለ ሐሳብ አስተኝቶኛል።

3. አርግዤ ስመጣ፣ ሴቱ ሁሉ በተሰለፈበት ኮሪደር፣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ እያለ፣ «መድኃኒቱ አይሳሳትም፤ ወይ አልተጠቀመችበትም፣ ወይ ሌላ ነገር አለ» ስላሉ እግዜር ይስጥልኝ። ያችን «ሌላ ነገር» ባለቤቴ ቤት ድረስ ይዟት ገባ። ሦስት ሳምንት ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። አንድ ቀን እራት አቅርቤለት ሳይነካው፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው፤ ምን ልበለው? ፓኬቱ ውስጥ የነበረችውን፣ ባልገባን ቋንቋ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ይዤ፣ እሱንም እጁን ጎትቼ መድኃኒት ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው አሥሩን ደቂቃና ሃያዎቹን ሴቶች አንድ በአንድ ሲተረጉምልን፣ ባለቤቴ ጥሎኝ ወጣ። ቤት ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

4. ይህንን ምስጋና ማሳጠር አልችልበትም። ለወሊድ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ክፍልዎ ውስጥ የምትሠራው ወጣት ነርስ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ እንባዋን እየዋጠች አንድ ነገር ነገረችኝ። «ዝርዝሩን ካወራችሁላቸው ማንም አይወስደውም፤ የሩብ ዓመቱ እቅድ ደግሞ መሙላት አለበት» ብለው ለሠራተኞችዎ የነገሩት ለካ እርስዎ ነዎት። እስከዚያች ቀን ድረስ፣ «ሲስተር ሥራ በዝቶባት ረስታው ነው» እያልኩ ለሰው ሁሉ ስከራከርልዎ ነበር።

ያረገዝኳት ልጅ ባለፈው ወር ተወለደች። እንደፈሩትም ደሜ አልቆመም። የስፌት ቤት ጓደኞቼ መኪናቸውን አቁመው መጥተው ደም ሰጡኝ፤ ሐኪሞቹም ነፍሴን ለማትረፍ ማህፀኔን አወጡት። ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ ቅንድቧ ቁርጥ የአባቷ ነው፣ እሱም ከእቅፉ አያወርዳትም። በመወለዷ ቅሬታ የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ግንባሬን የጠረገው እጅና ፓኬቱን ያቀበለኝ እጅ አንድ መሆኑ ነው። የማላውቀው ሰው ቢያደርገው ኖሮ ተሳድቤ እረሳው ነበር።

ውለታዎን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ከአካሏ ላይ የምታነብ፣ ለሹመትዎ ዕድገትን ለሠራተኞችዎ ደግሞ አንደበትን የምትመኝ፣

ታዛዥዎ የነበረችው
የሰባት ቁጥር መኪና ሰፊ

ታክሎ የተጻፈ፦ እርስዎ ወደ በላይ ጤና ቢሮ በላኩት ሪፖርት ውስጥ፣ «እንክብሉን ያለ አንዳች ችግር በመጠቀም ላይ ያሉ» ተብለው ከተመዘገቡት ሴቶች አንዷ እኔ መሆኔን ዛሬ ሰማሁ። እባክዎ፣ ለመሰረዝ አይድከሙ። ሰኞ ጠዋት ልጅቷን አዝዬ ከባለቤቴ ጋር ወደዚያው ቢሮ ስለምሄድ፣ እኔው ራሴ አስተካክልልዎታለሁ።