ከሱባኤ ስንቅህ ያወጣሁት ክኒን

ይድረስ ለአያሌው፣ ለሆዴ፤

ከተለየኸኝ ነገ አሥራ አንድ ወር ይሞላል። እንደምን አለህ ልልህ ነበር፤ ግን ያለህበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። እኔ ደህና አይደለሁም። ከሰኞ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ፤ ሊጥ አቡክቼ እረሳዋለሁ፣ ሰው ሲጠራኝም አልሰማም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ክረምቱ ዘንድሮ በጊዜ ገባ። ልጃችን መልካሙ የታችኛውን ማሳ ጤፍ ዘርቶበታል፤ ትልሙ ግን እንደ ሰካራም እርምጃ ይወላገዳል፣ ብታየው ስቀህ እርፉን ትቀማው ነበር። የሚያፈሰውን የጣሪያ ጥግ ደፍነነዋል። እህትህ ጥሩዬ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ስምህን እየጠራች ታለቅስና እኔን ደግሞ፣ አንቺ ባትኖሪ ወንድሜ ይህን ያህልም አይቆይ ነበር ብላ ትመርቀኛለች።

ሰኞ ራሴን አሞኝ ሉማሜ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ነርሷ ለካችኝና ግፊትሽ ከፍ ብሏል ብላ አንተ ትውጠው የነበረውን ዓይነት ክኒን ሰጠችኝ። እኔም ዐዋቂ ነኝ አይደል፣ ፍልሰታ እየደረሰ ስለሆነ ከሱባኤ ስመለስ እጀምረዋለሁ አልኳት። ደንግጣ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ሥልጠና ወስዳ ኖሮ፣ አዳዲስ ጥናቶች ምን እንደሚሉ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ግፊት ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን ይሠራል አለች፤ ክኒኑ ሲቋረጥም ስትሮክ የሚሉትን የአንጎል ምት ሊያመጣ ይችላል። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር ወዲያው ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በየቦታው ባይገኝም የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ እሱም የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ሰዓታት! እኛ እኮ ሦስት ቀን ነው ያሳለፍነው።

አያልዬ፣ ካቻምና ለፍልሰታ ስንቅህን የቋጠርኩልህን ቀን ታስታውሳለህ። ሽምብራውን፣ ጋቢህን፣ ዳዊትህን አስገባሁና ክኒኑን መልሼ አወጣሁት። ክኒኔስ ብትለኝ፣ ጸበልና ክኒን አይገናኙም፣ ሁለት ሳምንት ነው፣ ለእመቤታችን ተዋት አልኩህ። አንተ ከበሬ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር ተከራክረህ አታውቅም። እሺ ብለህ ሄድክ።

በሦስተኛው ቀን ቅዳሴ ሳይገባ መቋሚያው ከእጅህ ወደቀ፣ አፍህም ወደ ግራ ዞረ። ሲነግሩኝ ከመልካሙ ጋር ሮጬ መጣሁ፤ መጋኛ ነው ተባለ። ማን አለ ብትል፣ ቀድሜ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ይሂድ ያለውን መልካሙን ተቆጥቼ ጸበል ላይ አዋልኩህ፣ አሳደርኩህ። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ሐኪሙ ሰዓቱን ጠየቀኝ፤ እኔ ቀኑን ነገርኩት። ሰዓቱን ለምን እንደፈለገው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሌላም አለ። የዛለ እጅ እንኳ በሐኪም ምክር እየተንቀሳቀሰ፣ እየተለማመደ፣ ከወራት በኋላም ሊሻሻል ይችላል አለችኝ። እኔ ግን ብርድ እንዳይመታው፣ ሰውም አይቶ እንዳያዝን ብዬ ዓመቱን ሙሉ፣ እስክታርፍ ድረስ፣ ቀኝ እጅህን ጋቢ ውስጥ ደብቄው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ይዤ አላነሳሁትም።

ከጤና ጣቢያው ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ሁሉንም ስነግራቸው፣ ልጄ፣ ክኒኑን ተዉ ብሎ ማን አዘዛችሁ፣ እኔን መቼ ጠየቃችሁኝ አሉኝ። ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ ነበር የምላችሁ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ያልከለከለችውን የከለከልኩህ እኔ ነኝ። ከእናቴ ሰማሁ፣ እናቴም ከእናቷ፤ አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም። ጠያቂ መንገድ አያጣም እያልኩ ልጆቼን ያሳደግኩ ሴት፣ የንስሐ አባቴ ቤት ከአጥሩ ማዶ እያለ አንድ ቃል ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ክኒኑን ጀምሬያለሁ። በጾሙም አላቋርጠውም።

ከአራት ቀን በኋላ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነው። ግማሾቹ ሴቶች ለሱባኤ ስንቅ እያዘጋጁ ነው፤ ከእነሱም ግፊት ያለባቸው አሉ። ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ ተነሥቼ ያደረግሁትን ሁሉ እናገራለሁ። ጥሩዬ ከፊቴ ትቀመጣለች። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ትምጣ አትምጣ አላውቅም፤ ምርቃቷን ግን እያወቅሁ አሜን ልላት አልችልም።

ለእሷና ለልጆቻችን ከመናገሬ በፊት አንተ ከእኔው አፍ እንድትሰማ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። አልረሳህም፣ አያልዬ። ስምህን በጠራሁ ቁጥር ክኒኑን ሳስትህ እሺ ያልከኝንም አብሬ እናገራለሁ።

ሚስትህ፣ የሽ