የጾመ ምላስ ያበላሸው ኮምጣጣ

ይድረስ ለአባዬ፣

የጥብስህ ጭስ ከግቢያችን ከጠፋ ዘጠኝ ወር ሞላው። አንተም ከሄድክ ያው ዘጠኝ ወር ነው፤ ሁለቱን ለይቼ መቁጠር ግን እስካሁን አልለመድኩም። ነሐሴ ላይ በዚያ ዝናብ ቀብረንህ ስንመለስ፣ ለሁለት ያስሰነጠቅከው የጥብስ በርሜል ከነከሰሉ ውሃ ሞልቶ ጠበቀን። ማንም ሊደፋው አልደፈረም። እስከ መስከረም እንደዚያው ቆመ።

እንዴት ነህ ብዬ ተረጋግቼ መጀመር ነበረብኝ። ግን ታውቀኛለህ፤ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ ከሰሉን ልይ ብዬ፣ አንዴ ስልኬ የጮኸ መስሎኝ፣ አንዴ እንዲያው በከንቱ። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ይቅር በለኝ።

እማዬ ደህና ናት። ጥቁሯን አላወለቀችም፣ ጨጓራዋም እንደ ድሮው ነው። ከፊት ለፊታችን የሣር ክምር ይቆምበት የነበረው ሜዳ ታጥሯል። ሯጮቹ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት በበራችን ያልፋሉ፤ አንተ «እነዚህ ልጆች ማን አባሯቸው ነው?» እያልክ የምትስቅባቸው። እኔ ደግሞ ከተመረቅኩ ወር ሳይሞላኝ ነው ጥለኸኝ የሄድከው፤ የምረቃ ፎቶዬን ከሥጋው መስቀያ አጠገብ እንደሰቀልከው አለ፣ ጢስ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። የምግብ ምህንድስና ተምሬ ከሥጋ ጎን መሰቀሌ ለእማዬ አሁንም ያስቃታል። ሲቪዬን ያላስገባሁበት የለም። ቡራዩ ሄጃለሁ፣ ለገጣፎ ሄጃለሁ፣ ሰበታ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ከሱሉልታ ሰበታ ማለት ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም፤ አዲሱ ገበያ ወርደህ፣ ከተማውን ሙሉ አቋርጠህ፣ አየር ጤና ላይ ደግሞ ተሰልፈህ ነው። ሁሉም «እንደውልልሻለን» ብለውኛል። እንግዲህ እየጠበቅኩ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ አይሆንልኝም።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ስለ ቤቱ ልነግርህ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል እማዬ አስቀመጠችኝና ፊት ለፊት ያለውን ጥብስ ቤትና ግቢውን ኦቦ ደረጄ ሊከራየው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ሴራሚክ የሚሸጠው፣ ሰውዬው እንኳ ክፉ አይደለም። በርሜሉ ይነሳል፣ አግዳሚዎቹ ይነሳሉ፣ ቆርቆሮው ይቀየራል። እኔም ከአፌ አምልጦኝ እኔ እከፍተዋለሁ አልኩ። እማዬ ዲግሪዬን ጭስ ውስጥ ልሰቅለው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተሰቅሏል እኮ ብዬ ፎቶውን አሳየኋት። ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ለፋሲካ ክፈቺው አለችኝ፤ ለኦቦ ደረጄ መልስ የምሰጠው ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፣ እስከዚያ የአባትሽ ሰዎች ከተመለሱ እናያለን፣ ካልተመለሱ ግን ነገሩ ያልቃል አለችኝ።

ሰዎችህ የሚመጡት ለጎድኑ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ጎድን እስከ ከተማ ድረስ በየመንገዱ አለ። የሚመጡት ለኮምጣጣው ነው፤ በሾርባ ሳህን ሞልተህ ከጥብሱ ጎን የምታስቀምጠው፣ ሰው ሥጋውን ነክሮ ከጨረሰ በኋላ በዳቦ የሚጠርገው። ስሙን እንኳ ሳታወጣለት «ኮምጣጣው» እየተባለ ቀረ። እኔ አሠራሩን ሙያዬ ብዬ ተምሬው አላውቅም። ልጠጋህ ስል «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» ነበር የምትለኝ። ግን ዓይን አለኝ። ቲማቲሙን በፈላ ውሃ ነክረህ እንደምትልጠው፣ ቀይ ሽንኩርቱን እስኪጠቁር እንደምታቁላላው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ሰናፍጭ፣ ማር፣ አቼቶ፣ በመጨረሻ ሎሚ። ከእንጨት ማንኪያው ጀርባ ላይ ተጣብቆ እስኪቀር ለዘብ ባለ እሳት፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ማሳረፍ። ለፋሲካ የሚሆነውን ሁልጊዜ ጾሙ ሳይወጣ ነበር የምትሠራው።

እኔም በሰሞነ ሕማማት ሰኞ ጣድኩት። ቴርሞሜትር ይዤ፣ ከላብራቶሪ የተረፈኝን የኮምጣጣነት መለኪያ ወረቀት ይዤ፣ ግቢው ውስጥ ስሯሯጥ ብታየኝ ትስቅ ነበር። ለሽታ ብዬ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ጠጅ ጨመርኩበት። ያንተ ላይ ትንሽ የራሴን ማከል አምሮኝ ነው፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው «ከአባቷ በለጠች» ሲል መስማት አምሮኝ ነው።

የቀመስኩት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፣ ባዶ ሆዴን ውዬ። ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ያላየ ምላስ ላይ ያ ነገር እንደ ምላጭ ሆነብኝ። ወረቀቱ ልክ ነው አለኝ፤ ምላሴ በዛ አለኝ። ወረቀቱን ትቼ ምላሴን ሰማሁ። ማር ጨመርኩ። በማግስቱ ቀመስኩ፣ አሁንም ቆረጠኝ፣ ሌላ ማር ጨመርኩ። ዓርብ ስቅለት ከመድረሱ በፊት ለስላሳ፣ የሚያምር፣ ቀይ ነገር ሆነልኝ። ስምንት ጠርሙስ ሞላሁ። ደስ አለኝ።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ በርሜሉን ለኮስኩት። ሰው መጣ አባዬ። ጭሱን ከመንገድ አይተው ነው መሰለኝ፣ ከከተማ የሚመጡት አሮጌ ደንበኞችህ መኪናቸውን እያቆሙ ወረዱ። ባለ ነጯ መኪና ባልና ሚስትም መጡ፣ ሁልጊዜ ከግድግዳው ጥግ የሚቀመጡት። ነፍስ ይማር አሉኝ፣ ተቀመጡ፣ ጎድኑ ቀረበ፣ ነከሩ። ሚስትየዋ አንድ ጊዜ ነከረች። ሁለተኛ አልነከረችም። ትንሽ ቆይታ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሚጥሚጣና ሎሚ እንዳለን ጠየቀችኝ። ከዚያ ሌላው ጠረጴዛ ሚጥሚጣ ጠየቀ። ከዚያ ሌላው። ሳህኖቹ ሲመለሱ ኮምጣጣው እንዳለ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ በዳቦ አልጠረገውም።

እኔም ቁራጭ ሥጋ አንስቼ ነከርኩ። ስቡ አፌን ሞላው፣ ያ ሁሉ ማር ደግሞ ላዩ ላይ ተደረበበት። ማርማላታ ነው የሠራሁት። ስብን የሚቆርጠው ነገር ውስጡ የለም። እማዬ ከበሩ ሆና ሳህኖቹን ታይ ነበር። በዚያ ነው የተቃጠልኩት።

ማክሰኞ እትዬ ዘይነባ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ያው እንደ ልማዳቸው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ሰላም ብለው፣ እማዬን ጠይቀው፣ ከዚያ ሳቅ እያሉ ወቀሱኝ። ዘንድሮ ሳህኑ ሳይመጣላቸው ቀርቶ ሟቹ ሲሄድ ጉርብትናውንም ይዞት ሄደ ወይ አሉኝ። የምን ሳህን እንደሆነ አልገባኝም። አንተ በየዓመቱ በጾሙ መጨረሻ በትንሿ ሰማያዊ ሳህን ኮምጣጣ በአጥር እንደምታቀብላቸው አስታውሳለሁ፤ ስጦታ ነበር የሚመስለኝ። እማዬም እስከ ዛሬ ስጦታ ነበር የሚመስላት።

ዳኛህ እሳቸው ነበሩ ለካ። እንዲህ ነው ያሉኝ፦

«አባትሽ የጾመ ምላስ አይፈርድም ይል ነበር። እናንተ ሁለት ወር ቅባት አልነካችሁም፣ እኔ እበላለሁ። ሥጋው የቤቴ፣ ኮምጣጣው የሱ፣ ነክሬ እቀምስለታለሁ። ካነሰ ሳህኑ ውስጥ ሎሚ አድርጌ እመልሳለሁ። ከሆነ ባዶውን።»

ሎሚዎቹ ትዝ አሉኝ አባዬ። በየዓመቱ ሳህኗ ሎሚ ይዛ ስትመለስ፣ ሰው ባዶ ዕቃ አይመልስም ብለው ነው እያልኩ አድጌያለሁ። መጨረሻ ላይ ባዶዋን ስትመለስ ደግሞ ለምን ደስ እንደሚልህ ገርሞኝ ያውቃል። የእነሱን ሥጋ እኛ አንበላ፣ የኛን እነሱ አይበሉ፤ በዚያ አጥር ላይ በምግብ በኩል የሚያልፈው አንድ ያ ሳህን ብቻ ነበር። አንተ እሱ ላይ ሥራህን ሁሉ አስደግፈህ ነበር።

እትዬ ዘይነባ አሁን አምጪው ልቅመሰው አሉኝ። እጄ ወደ ጠርሙሱ ሄዶ ቆመ። ጠጅ አለበት። መጠጥ ያለበትን ነገር እሳቸው አፍ ላይ ላደርስ ነው እንዴ? አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አባትሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠጅ ሳያስገባ የኖረው ጠጅ አጥቶ ይመስልሻል አሉኝ። ከዚያ በይ ቲማቲም ላጪ ብለው ገቡ።

የቀሩትን ጠርሙሶች ሁሉ ደፋኋቸው። እማዬ ስደፋ አይታኛለች። እብድ ነሽ አለችኝ። ከዚያ ግን ቢላ ይዛ መጥታ ሽንኩርቱን አብራኝ ከተፈች፣ ዓይኗ እያነባ፣ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አልጠየቅኳትም። ጠጅ የለም፣ ቴርሞሜትር የለም። ማሩን በማንኪያ ቆጥቤ ነው ያስገባሁት። አሁን ጾሙ ወጥቷል፣ እኔም በሥጋ መቅመስ እችላለሁ። ግን እኔ የማውቀው የራሴን ልክ ነው። ያንተን ልክ አፉ ላይ የያዘ ሰው ከአጥሩ ማዶ ነው ያለው፤ እማዬ እንደሁ በጨጓራዋ ምክንያት ቀምሳው አታውቅም።

ሐሙስ ሳህኗን አቀበልኩ። ሎሚ ይዛ ተመለሰች። ጨመቅኩ። ዓርብ አቀበልኩ። ሁለት ሎሚ ይዛ ተመለሰች፣ እትዬ ዘይነባም ከጓሯቸው ሆነው ይሄ ለታመመ ሕፃን ሽሮፕ ነው እያሉ ይስቁብኛል። አቼቶ ጨመርኩ፣ ሰናፍጭ ጨመርኩ፣ እንደገና አፈላሁት። እረፍት አጣሁ። ምናልባት ያንተ ነገር ካንተ ጋር ሄዷል፣ ምናልባት ሴራሚክ ይሻላል፣ ምናልባት ሰበታዎቹ ይደውላሉ እያልኩ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቀበልኩ። ለብቻው ስቀምሰው ፊቴ ተጨማዶ ነበር፤ ማር ጨምሪ ጨምሪ አሰኝቶኝ እጄን ይዤ ነው የሰጠኋቸው። ብዙ ቆየች ሳህኗ። ስትመጣ ታጥባለች፣ ደርቃለች፣ ውስጧ ምንም የለም።

እዚያው አጥሩ ስር ቁጭ አልኩ። ካንተ ቀብር ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

እሑድ ለዳግማይ ትንሣኤ ባልና ሚስቱ አልመጡም። ይህን አልደብቅህም፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገድ ሳይ ውያለሁ። ሌሎች ግን መጡ፤ ሰኞ ሚጥሚጣ ከጠየቁኝ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ተመለሱ። ዳቦ አለቀብኝ። ዳቦ ሲያልቅብኝ ነው የገባኝ። አንዱ ሽማግሌ ኮምጣጣውን ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና የኦቦ ለማ ልጅ ነሽ አይደል አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሌላ ጎድን አዘዙ።

አመሻሹ ላይ ኦቦ ደረጄ ለመልሱ መጣ። እማዬ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ አበላችው። እኔ ከበርሜሉ አጠገብ ሆኜ ከሰሉን እያገላበጥኩ፣ የማላዳምጥ እየመሰልኩ አዳመጥኩ። በኦሮምኛ እስከ መስከረም እንዲጠብቃት ነገረችው። እሱም አፉ ሞልቶ ራሱን ነቀነቀ። ከሄደ በኋላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ለአባትሽ ብዬ አይደለም፣ ላንቺም ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ክረምቱን እንየው። በዝናብ ሰው ካመጣሽ ያን ጊዜ ቤቱ ያንቺ ነው።»

እና ይኸው ግንቦት ነው፣ ሰማዩ ከወዲሁ ይጠቁራል። በክረምት ሱሉልታ ማን ሊዝናና እንደሚመጣ አላውቅም፤ አንተም በክረምት ታዝን ነበር፣ አውቃለሁ። በጠርሙስ አድርጌ ከተማ ልውሰደው እያልኩ ነው። ቆርቆሮውን ወደ መንገዱ ላስረዝም እያልኩ ነው። ሰበታዎቹ ከደወሉም እሄዳለሁ፤ ጠዋት እዚያ፣ ቅዳሜና እሑድ እዚህ። ሁሉንም እፈልጋለሁ። አይሆንም ትለኝ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ከሰሉን ታቀብለኝ ነበር።

አባዬ፣ አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ለሟቹ ይለዋል። እኔ የምልህ ይህንን ነው፦ ሥራህን እኔ ብቻ የማውቀው አስመስዬ አልይዘውም። ልቤ ከእጄ እየቀደመ ሲያስቸግረኝ፣ ራሴን ብቻ ልሰማ ስል፣ ሰው እጠይቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ታላቅ ጠባሽ እየተባልክ፣ ካንተ ሌላ ምላስ እንደሚያስፈልግህ ሳታፍር የኖርከውን አባቴን የማስታውሰው እንደዚያ ነው። አፈሩ ይቅለልህ።

ልጅህ ሌንሴ